የጋዝና የመብራት ዳይሬክት ዴቢት ሲጨምሩባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? (ብሪታንያ ላላችሁ)

አገር ቤት መብራት የምንከፍለው ወይ ካርድ ሞልተን ነው፣ ወይ ቆጣሪው ተነቦ ሒሳቡ ሲመጣ። እዚህ ብሪታንያ ግን አብዛኛው ሰው በየወሩ እኩል ገንዘብ ከባንኩ ይቆረጥበታል። ኩባንያው በዓመት ስንት እንደምትጠቀሙ ይገምታል፣ በ12 ያካፍላል፣ ያንን በዳይሬክት ዴቢት ይወስዳል። በሞቃቱ ወራት ከተጠቀማችሁት በላይ ትከፍላላችሁ፣ ትርፉ ክሬዲት ሆኖ ይቀመጣል፣ ማሞቂያው ሌት ተቀን በሚሠራበት ብርድ ላይ ደግሞ ያልቃል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሁሉ ነገር ግምት ላይ መቆሙ ነው።

እና አንድ ቀን ኢሜይል ይመጣል፤ 95 ፓውንድ የነበረው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 160 ይሆናል ይላችኋል። ብዙ ሰው ያኔ በንዴት የባንክ አፑን ከፍቶ ዳይሬክት ዴቢቱን ይሰርዛል። መብታችሁ ነው፣ ግን ተረጋጉ። ዕዳው አይቆምም፣ ኩባንያው በሌላ መንገድ ይጠይቃችኋል፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ለዳይሬክት ዴቢት ከፋዮች ያለው ርካሽ ዋጋ ያመልጣችኋል።

መጀመሪያ ቆጣሪውን አንብቡ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ቁጥሩን በአፑ ወይም በኢሜይል ላኩ። ቢሉ ላይ ከንባቡ አጠገብ «ኢስቲሜትድ» (የተገመተ) የሚል ካለ፣ ማንም ቆጣሪያችሁን አላየም ማለት ነው። ስማርት ሜትር (ንባቡን ራሱ ለኩባንያው የሚልክ ቆጣሪ) አለን ብላችሁም አትዘናጉ፣ ንባብ መላክ ያቆመ ስማርት ሜትር ሞልቷል። አዲስ ቤት የገባችሁ ከሆነ ደግሞ ግምቱ የተሠራው ከእናንተ በፊት በነበረው ሰው አጠቃቀም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ስድስት ልጆች ይዞ ይኑር አይኑር እናንተ አታውቁም።

ቀጥሎ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ቢሉ ላይ አለ፦ የዓመት ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓት፣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ፣ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም በየቀኑ የሚታሰበው ስታንዲንግ ቻርጅ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ መብራት በዓመት 2,000 ኪሎዋት ሰዓት በ25 ፔንስ 500 ፓውንድ ነው፣ ስታንዲንግ ቻርጁ በቀን 50 ፔንስ ቢሆን 182.50 ይጨመርበታል። ጋዝ 8,000 በ6 ፔንስ 480 ፓውንድ፣ ስታንዲንግ ቻርጁ በቀን 30 ፔንስ ቢሆን 109.50። ጠቅላላው 1,272 ፓውንድ፣ በወር 106። የቆየ የ120 ፓውንድ ዕዳ ካለባችሁና በዓመት ውስጥ እንዲከፈል ካደረጉት በወር 10 ይጨምራል፣ 116 ሆነ። እና 160 ከየት መጣ? ጥያቄያችሁ ይሄው ነው።

አንዳንዴ ጭማሪው ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ እውነቱን እንነጋገር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጌም የሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ በየሦስት ወሩ ይቀየራል፣ ጣሪያውም የተጣለው በአንዱ ኪሎዋት ሰዓትና በስታንዲንግ ቻርጁ ላይ እንጂ በጠቅላላ ቢላችሁ ላይ አይደለም። ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግሩ ደግሞ ፍጆታችሁን ከጎረቤት እንግሊዛዊ ጋር አታወዳድሩት፣ ምጣድ መብራት ይበላል።

ሒሳቡ ካልገጠመላችሁ ግን ዝም አትበሉ። ኩባንያው የወሩን ክፍያ ሲተምን በእጁ ያለውን የተሻለና የቅርብ ጊዜ መረጃ የመጠቀም፣ እንዴት እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሰም በግልጽ የማስረዳት ግዴታ በሥራ ፈቃዱ ላይ ተጽፎበታል። በ2022 ዋጋ ሰማይ ሲነካ ኦፍጌም ባደረገው ማጣራት ከ500,000 በላይ ደንበኞች ክፍያቸው ከእጥፍ በላይ አድጎ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ይሄ የናንተ ብቻ ጣጣ አይደለም።

ስልክ ላይ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ከመስማት ጻፉላቸው። እንግሊዝኛችሁ ባይረታ ችግር የለውም፣ አጭር ይበቃል፦ የአካውንት ቁጥሬ ይህ ነው፣ የዛሬው ንባብ ይህ ነው፣ በኔ ስሌት በወር ይህን ያህል ይመጣል፣ እናንተ እንዴት እንዳሰላችሁ አሳዩኝና አስተካክሉት። «ኮምፕሌይንት» (አቤቱታ) የምትለዋን ቃል መጨመር እንዳትረሱ፤ ስምንት ሳምንት የሚቆጠረው አቤቱታ ካቀረባችሁበት ቀን ነው። ስምንት ሳምንት አልፎ ካልፈቱት፣ ወይም ከዚህ በላይ አንሄድም ብለው ደብዳቤ ከጻፉላችሁ፣ በደንበኛና በኩባንያ መካከል ወደሚዳኘው ገለልተኛ አካል፣ ኢነርጂ ኦምቡድስማን ትሄዳላችሁ። በነፃ ነው። ውሳኔውን እናንተ ከተቀበላችሁ ኩባንያው የመፈጸም ግዴታ አለበት። መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር አገልግሎት በ0808 223 1133 ይገኛል፣ እሱም በነፃ።

ክሬዲቱን በተመለከተ፣ ገንዘቡ የናንተ ነው። መልሱልኝ ስትሉ አሳማኝ ምክንያት ከሌላቸው በስተቀር መመለስ አለባቸው፣ እምቢ ካሉም ምክንያቱን መናገር አለባቸው። ጊዜውን ግን ምረጡ። መስከረም ላይ 300 ፓውንድ ክሬዲት ብታዩ የብርዱ ስንቅ ነው፣ ብትወስዱት ጥር ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ያው 300 ፓውንድ ብርዱ ካለፈ በኋላ ሚያዝያ ላይ ካለ ግን ከልክ በላይ ከፍላችኋል፣ ጠይቁ። ንባብ ልካችሁ ጠይቁ፣ ያለዚያ «መጀመሪያ ንባብ ላኩ» ይሏችኋል። «የኢነርጂ ተመላሽ አለዎት» የሚል ሊንክ በቴክስት ከመጣ ደግሞ አትንኩት፣ ሌባ ነው።

ባንኩም አንድ ነገር ይሠራላችኋል። የዳይሬክት ዴቢት ዋስትና የሚባል አለ፤ መጠኑ ወይም ቀኑ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 የሥራ ቀን በፊት ሊነግሯችሁ ይገባል። ሳይነግሯችሁ ወይም ከተባለው በላይ ከቆረጡ ባንኩ ወዲያው ይመልሳል። በዛብኝ ብሎ ለመከራከር ግን አይሆንም፣ ለስሕተት ነው።

ድንገት የሁለት ዓመት ዕዳ ከላኩባችሁም አትደንግጡ፣ ጥፋቱ የናንተ ካልሆነ ከ12 ወር በፊት ለተጠቀማችሁትና በጊዜው በትክክል ላላስከፈሏችሁ መጠየቅ አይችሉም።

ቤት ስትለቁ፣ መቼም አዲስ ሰው ሆኖ ቤት የማይቀያይር የለም፣ በወጣችሁበት ቀን ቆጣሪውን ፎቶ አንሱና አዲሱን አድራሻ ስጧቸው። የመጨረሻው ቢል በ6 ሳምንት ውስጥ መምጣት አለበት፣ ክሬዲት ካለ ደግሞ ከዚያ በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ካዘገዩት ካሳ አለው። ባንክ ቀይራችሁ ከሆነ አዲሱን የሒሳብ ቁጥር መስጠቱን አትርሱ፣ አለዚያ ገንዘቡን ወደ ተዘጋ አካውንት ልከው ሌላ ደብዳቤ ያጻፏችኋል።