ለመረብ የሚሆን እርሳስ በርካሽ

ባሕር ዳር ሱቅ ገብታችሁ "እርሳስ አለ?" ብትሉ ልጁ መጻፊያ ያወጣላችኋል። እኔ የምለው የመረብ እርሳስ ነው፤ የታችኛውን ገመድ ይዞ ወደ ጣና ወለል የሚወርደውን።

ድንጋይስ? ድንጋይም ይሠራል። አባቶቻችን በእሱ ነው ያጠመዱት። ግን አንድ ኪሎ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ 600 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። አንድ ኪሎ እርሳስ 900 ግራም ያህል ሆኖ ይቀራል፤ ከውሃ 11 እጥፍ ይከብዳላ። ደግሞ ትንሽ ስለሆነ መረቡን አይተበትብም።

አዲስ እርሳስ ገዝቼ አላውቅም። ምንጬ ጎሚስታ ነው፤ በተለይ ጎማ ባላንስ የሚያደርገው። ጎማ ሲቀየር ከቸርኬው የሚነቀሉት ትንንሽ ክብደቶች ጥግ ላይ በጣሳ ይጠራቀማሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ልጁ ሳቀብኝ። "አያ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?" አለኝ። "ለዓሣ" አልኩት። "ዓሣ እርሳስ ይበላል እንዴ?" አሁን ጣሳውን ራሱ ያስቀምጥልኛል፤ እኔም ሁለት ቀረሶ ዓሣ አጽድቼ እሰጠውና እንስማማለን። ጠዋት ግን አትሂዱ። መኪና ተሰልፎበት ማንም አይሰማችሁም።

ጣሳው ሞላ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ድሮ ሁሉም እርሳስ ነበር፣ አሁን ግማሹ ብረትና ዚንክ ነው። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡና በላዩ አዙሩ። ብረቱ ይለጠፋል። የቀረውን አንድ በአንድ በፒንሳ ጠርዙን ንከሱት። እርሳስ እንደ አይብ ይገባል፣ የተነከሰው ቦታ ያብረቀርቃል። ዚንክ ግን ፒንሳውን ያንሸራትታል፤ ሲሚንቶ ላይ ሲጥሉትም ቅጭል ይላል። እርሳስ ድፍን ድምፅ ነው ያለው። በማጣበቂያ የሚለጠፈው ዓይነት ለስላሳ ስለሆነ ለመረብ እሱን እመርጣለሁ። መንጠቆ ያለው ጠንከር ይላል፣ ገመድ ላይ ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ምንጭ አሮጌ መረብ ነው። ክሩ የተበጣጠሰበት ሰው እርሳሱ ገመዱ ላይ እንዳለ ይጥለዋል። ጠይቁ። ሦስተኛው ብረታ ብረት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ እዚህ ጋ ግን ሁለት ነገር አልነካም። አንደኛው እርሳስ የለበሰ የስልክ ገመድ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ከገዛችሁ ጣጣው ለእናንተም ይተርፋል። ሌላው የመኪና ባትሪ ነው። ርካሽ ይመስላል። ውስጡ አሲድ አለ፣ ዱቄቱ መርዝ ነው፣ ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስም የባሰ ነው። ባትሪ በጓሮ አይፈታም፤ በቃ።

ማቅለጡ ቀላል ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ዚንክ እስከ 419 ድረስ አይቀልጥም፤ ስለዚህ ከፒንሳው ያመለጠ ካለ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ቶሎ በማንኪያ አውጡት። እሳቱን አታራግቡ፣ ካራገባችሁት አብሮ ይቀልጥና እርሳሱን ያበላሽባችኋል። ከዚያ የጧፍ ቁራጭ ጣል አድርጋችሁ አማስሉ፤ እሳት ቢይዝ አትደንግጡ። ቆሻሻው ላዩ ላይ ይሰበሰባል። ጎጃም ሰምና ወርቅ ይወዳል፣ የኔ ሰምና እርሳስ ነው።

ውሃን ፍሩ። እኔ መረብ የምጠግነው ክረምት ነው፤ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዝ ስለሚወጣ ያኔ አርፋለሁ። አንድ ነሐሴ በረንዳ ላይ ያደረ ጣሳ አንስቼ እርጥብ መሆኑን ሳላይ የቀለጠው ላይ ጨመርኩ። ጧ! ብሎ ፈነዳ። ዓይኔን ያተረፈኝ ጎንበስ አለማለቴ ነው። ክንዴ ላይ ሦስት ጠባሳ አለ። አሁን እርሳሱን አንድ ቀን ሙሉ ምድጃ ዳር አደርቃለሁ፣ መነጽርና ወፍራም ጓንት አደርጋለሁ፣ ነፋስን ከጀርባዬ አድርጌ ደጅ ነው የማቀልጠው። ልጆች አይቀርቡም፤ እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እነሱን ነው። ድስቱና ማንኪያው ወደ ማጀት አይመለሱም። እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መንካት የለም።

ቅርጽ ማውጫ አልገዛሁም። የደረቀ አንጎላሬ፣ ያን እንደ ቦይ የታጠፈውን ብረት፣ ጫፍና ጫፉን በጭቃ ደፍኜ፣ ጭቃው እሳት ዳር ክው ብሎ እስኪደርቅ እጠብቅና በስሱ አፈሳለሁ። የወጣውን ዘንግ በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ የጣት ርዝመት እየቆረጥኩ በየክንዱ ገመዱ ላይ እጠቀልላለሁ።

ሲያልቅ መረቡን ዳር ላይ ጣሉትና እዩ። የላይኛውን ገመድ የሚያንሳፍፈውን ቡሽ ጭምር ይዞ ከሰጠመ እርሳሱ በዝቷል፤ አንድ እያለፋችሁ አንድ ፍቱ።