«አይጥን ካንሰር አስያዘ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ

ምግብ ላቦራቶሪ ስለምሠራ በቤተሰባችን «ይሄ ነገር ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ ማረፊያው እኔ ጋ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ የአይጥና የካንሰር ዜና ነው። ሳትደነግጡም ሳትንቁትም እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ አይጡ ስንት እንደበላ ፈልጉ። ለአንድ የ90 ቀን ሙከራ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 80 አይጥ ይገባል፤ ሲያልቅ ተገድለው ጉበት ኩላሊታቸው ይመረመራል። ይህን ሁሉ ነፍስ ያስከፈለ ውጤት መጠኑ ተቆርጦ ሲወራ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሳካሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ያስከሰሱት አይጦች ከመኗቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሳካሪን ነበር የሚበሉት።

ቀጥሎ ሕመሙ በምን መንገድ እንደመጣ ጠይቁ። ሳካሪን ሲበዛ በወንድ አይጥ ሽንት ውስጥ ደቃቅ ጠጣር ይፈጠርና ፊኛውን ይጎዳል፤ ሰው ላይ ይህ አይታይም። አሜሪካም በ1977 በሕግ ያዘዘችውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በ2000 አነሳች። ግልባጩም አለ፤ እኛ በማስቲካ የምናኝከው ዛይሊቶል ውሻን ሊገድል ይችላል።

አሁን እስክሪብቶ ያዙ። ባለሙያዎች እንስሳቱን ምንም ያላደረጋቸውን ትልቁን መጠን ወስደው አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ያካፍሉታል፤ ሰው ከአይጥ ስለሚለይ 10፣ ሰውም ከሰው ስለሚለይ ሌላ 10። በዳይት ለስላሳ ውስጥ በሚገባው አስፓርቴም በተባለ ማጣፈጫ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 4000 ሚሊግራም ነበር፤ ለ100 ሲካፈል 40። ይህን በልጃችሁ ክብደት አባዙ። 20 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ የቀን ጣሪያዋ 800 ሚሊግራም ነው። አንድ ጣሳ ዳይት ለስላሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ሊይዝ ስለሚችል ሦስተኛው ጣሳ ሊያሳልፋት ይችላል። 70 ኪሎ የሚመዝነው አባቷ ግን ከ9 ጣሳ በላይ ያስፈልገዋል። ጣሪያው ዕድሜ ልክ በየቀኑ ለሚጠጣ ስለሆነ የአንድ ልደት ቀን አያስጨንቃችሁ። ፌኒልኬቶኑሪያ (ሰውነት ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል በአግባቡ መፍጨት የማይችልበት የዘር በሽታ) ያለበት ሰው ግን ሂሳቡን ትቶ አስፓርቴምን ይራቅ።

«ታገደ» ሲባልም ምክንያቱን እዩ። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ ቀይ 3 የተባለውን ቀለም ከምግብ የሰረዘችው የ1960 ሕጓ በእንስሳ ላይ ካንሰር ያመጣን ተጨማሪ ነገር፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ስለማይፈቅድ ነው። የወንድ አይጦቹ ታይሮይድ የታመመበት መንገድ በሰው ላይ እንደማይታይ ከልካዩ መሥሪያ ቤት ራሱ ተናግሯል። እኔ ግን ከረሜላ ከማቅላት ሌላ ሥራ ለሌለው ነገር አላዝንም። እሽጉ ላይ ኢ127 ወይም ኤሪትሮሲን ተብሎም ይጻፋል።