በረዶው ሲቀልጥ የሞቱ ዓሦች ቢንሳፈፉ ምን ይደረጋል?

በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ሐይቆች ከበረዶ ሲላቀቁ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ዳር ላይ የሞቱ ዓሦች ተንሳፈው ይታያሉ። ብዙ ሰው «ብርዱ ፈጃቸው» ይላል፤ መርዝ ተጥሎ ይሆናል ብሎ የሚሰጋም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የገደላቸው የአየር እጥረት ነው። የሞቱትም ከሳምንታት በፊት፣ በረዶው ሥር ሳሉ ነው።

ምልክት፦ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ወይም ኩሬ ትልቅም ትንሽም ዓሣ በብዛት ሞቷል።

መንስኤ፦ በረዶው ውሃውን እንደ ድስት ክዳን ስለሚገጥመው ከላይ ኦክስጅን አይገባም። በረዶው ጥርት ያለ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥር ያሉት ተክሎችም ኦክስጅን ይሠራሉ። ወፍራም ስኖው (ከሰማይ የሚወርደው ነጭ በረዶ) ሲደረብበት ግን ታች ይጨልማል። ተክሎቹ ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ። የሚያበሰብሷቸው ባክቴሪያዎች ደግሞ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ በሊትር 14 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ከ2 በታች ሲወርድ ብዙዎቹ ዓሦች አይቋቋሙትም። ቀድመው የሚያልቁት ብሉጊልና ባስ የሚባሉት የዓሣ ዓይነቶች ናቸው። ፓይክ ትንሽ ይታገሣል፤ ቡልሄድና ካርፕ ከሁሉም የበለጠ ይታገሣሉ። ስለዚህ የተረፈውንም እዩ። ካርፕና ቡልሄድ ብቻ ከቀሩ፣ ጥፋተኛው ኦክስጅን ማጠሩ ነው ማለት ይቻላል።

ምልክት፦ ገና በብርዱ መሃል በረዶው ሲበሳ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የውሃ ነፍሳትና ዓሦች ወደ ቀዳዳው ይሰበሰባሉ።

መፍትሄ፦ ኦክስጅኑን በመለኪያ እዩት፤ ላይኛውንም ታችኛውንም ውሃ። ቀዳዳ ማብዛት ግን ለውጥ አያመጣም፣ ድካም ብቻ ነው። አየር መንፊያ ማሽን ይረዳል፤ መሥራት ያለበት ግን ኦክስጅኑ ሳያልቅ ነው። ዘግይቶ ከተነሳና ከታች ያለውን ጭቃ ካማሰለ ነገሩን ያብሰዋል። በጥልቁ ቦታ ወለል ላይም አታስቀምጡት። ማሽኑ በረዶውን ስለሚያሳሳ ሰው ሊሰምጥ ይችላል። በሕዝብ ሐይቅ ላይ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ምልክት የግድ ነው። በትንሽ ኩሬ ስኖውን በሰፋፊው መጥረግ ይጠቅማል፤ ከሥሩ ያለው በረዶ ጥርት ያለና ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ከሆነ ብቻ።

ዋናው ሥራ ግን የሚያልቀው በበጋ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ነው። ማዳበሪያ፣ የታጨደ ሣርና ቅጠል ውሃው ውስጥ ሲገባ ተክሉ ይበዛል፤ በብርዱ የሚበሰብሰውም ይበዛል። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፎስፈረስ ያለበትን የሣር ማዳበሪያ በመላው ግዛቱ የገደበችውም ውሃዎቿን ለመጠበቅ ነው። ከውሃው ዳር ሰፋ ያለ ያልታጨደ ሣር ተዉ።

የሞተው አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ከሆነ፣ ቁስል ካለበትና ውሃው ከሞቀ በኋላ ከሆነ፣ በሽታን ጠርጥሩ። ከፍሳሽ ቱቦ አጠገብ ከሆነ ወይም ውሃው እንግዳ ሽታና ቀለም ካለው ሳትነኩ ፎቶ አንሱና ለግዛቱ ወዲያው አሳውቁ። የሞተውን ዓሣ አትብሉ። አዲስ ዓሣ ለመጨመርም አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ በመረብ ምን እንደተረፈ ፈትሹ።