የአንጎል አኒዩሪዝምን ቅርጽ ለክቶ የመፈንዳት ስጋቱን መገመት

አኒዩሪዝም የአንጎል ደም ቅዳ ግድግዳ ተዳክሞ እንደ ከረጢት ሲያብጥ ነው። በልኬቱ ላይ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሶፍትዌሩ ሳይከፈት ነው። ታካሚው ከሌላ ቦታ ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ሲደርስ በእጁ የያዘው ሲዲ አንዳንዴ ለሪፖርት የተመረጡ ምስሎች ወይም 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ስላይሶች (የምስል ቁራጮች) ብቻ አሉበት። በዚህ ቅርጽ አይለካም። ምስሉን ወዳነሳው ክፍል ደውሉና የሲቲ አንጂዮውን (የደም ስሮቹን ሲቲ ምስል) ዲኮም፣ ማለትም ሙሉውን የምስል ፋይል፣ በ0.5 ወይም በ0.625 ሚሊሜትር ጠይቁ። ጥሬው ዳታ ከማሽኑ ላይ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል ለነገ አትበሉ።

ምስሉን ስላይሰር በሚባለው የሕክምና ምስል ሶፍትዌር ላይ ክፈቱ። የመለያ ቁጥሩን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ደም ቅዳውን ከአካባቢው የሚለይበትን የብሩህነት ወሰን፣ ለሁሉም ታካሚ አንድ አታድርጉት። በደም ቅዳው መሃል 360፣ አጠገቡ ያለው አንጎል 40 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ብሩህነት መለኪያ) ከሆነ አማካዩን 200 ያዙ፤ ኮንትራስቱ (ደም ስሩን የሚያደምቀው መድኃኒት) ደክሞ መሃሉ 240 ከሆነ 140 ይሆናል። ከፍ ካደረጋችሁት እብጠቱ ይኮሰምናል፤ ዝቅ ካደረጋችሁት አጠገቡ የሚያልፈው ደም ስር ይጣበቅበታል። የራስ ቅል ግርጌ አካባቢ አጥንቱም እንደ ኮንትራስቱ ስለሚያበራ ስላይስ በስላይስ በእጅ ከመለየት ሌላ መላ የለም። ማለስለሻውንም አታብዙ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው የምትፈልጉት ትንሹ ጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጃፓኑ ዩካስ ጥናት እንዲህ ያለ ጉጥ ያላቸው አኒዩሪዝሞች የመፈንዳት ስጋታቸው 1.6 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ዋናው ሥራ አንገቱን፣ ማለትም ከረጢቱ ከደም ቅዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በሞዴሉ ላይ መቁረጥ ነው። የደም ቅዳው ግድግዳ ወደ ከረጢቱ የሚታጠፍበትን ቦታ በአንድ አቅጣጫ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ሞዴሉን 90 ዲግሪ አዙራችሁ አረጋግጡ። ከሥሩ የሚወጣ ቅርንጫፍ ካለ ከረጢቱ ውስጥ አይቆጠርም። ከአንገቱ ወለል ቀጥ ብሎ የሚለካው ቁመት 6.2 ሚሊሜትር፣ አንገቱ 3.4 ቢሆን አስፔክት ሬሾው (ቁመቱ ለአንገቱ ስፋት ሲካፈል) 1.82 ነው። ሌላው አንባቢ ያንኑ አንገት 4.0 ብሎ ቢቆርጠው 1.55 ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የስጋት መስመር 1.6 ስለሆነ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ልዩነት ታካሚውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው አሻገረው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁረጥ፤ ሁለቱም ቁጥር ይመዝገብ።

ለሳይዝ ሬሾ ቁመቱ የሚወሰደው ከአንገቱ መሃል እስከ ሩቁ ጫፍ ነው፣ ያዘመመም ቢሆን። ይህን ለእናት ደም ቅዳው (እብጠቱ ለወጣበት) አማካይ ስፋት አካፍሉ፦ አንዱን ስፋት አንገቱ ጋ፣ ሌላውን የዚያን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ላይኛው ፍሰት ሄዳችሁ ለኩ። ከ2 በላይ ሲሆን ንቁ። የክብነት መዛባትን የምታሰሉ ከሆነ የቆረጣችሁትን የአንገት ወለል ከገጽ ስፋቱ ቀንሱት፤ ሶፍትዌሩ ዘግቶ ከቆጠረው ውጤቱ ያለአግባብ ያድጋል።

እነዚህ መስመሮች በአመዛኙ የመጡት የፈነዱትን ካልፈነዱት ጋር በማወዳደር ነው፤ መፈንዳቱ ራሱ ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ከሬሾው ተነስታችሁ የስጋት ፐርሰንት አትጻፉ። ፌዝስ የሚባለው የመፈንዳት ስጋት ነጥብ አሰጣጥም ቅርጽን አይጨምርም፤ ከአፍሪካ የመጣ መረጃም አልገባበትም። በእኛ ግምት ከአንድ ቀን ሬሾ ይልቅ በክትትል ምስል የታየ እድገት ይበልጥ ይመዝናል። ለዚያ ደግሞ የስላይሱ ውፍረት፣ የመለያ ቁጥሩና የአንገቱ ወለል ሥዕል ሪፖርቱ ላይ አብረው መቀመጥ አለባቸው። ድንገት ከባድ ራስ ምታት የጀመረው ሰው ግን ለልኬት አይቀጠርም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግባ።