ዋይልድፍላይን በጃቫ 17 ስናዘጋጅ፦ ፊደላችን ጥያቄ ምልክት እንዳይሆን

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዩፒኤሱ ስላልቻለ ሰርቨሩ ጠፍቶ ራሱ ተነሳ። ዓርብ ጠዋት በየደረሰኙ ላይ በስም ፋንታ ጥያቄ ምልክት ተደርድሮ አገኘነው። አንዲት እናት ወረቀቱን ዘርግተው «ስሜ የት ሄደ ልጄ?» አሉኝ።

ከዚያ በፊት የደረሰኝ ፕሮግራማችንን የሚያስኬደውን የጃቫ ሰርቨር ሶፍትዌር፣ ዋይልድፍላይን፣ የማስነሳው እኔ ነበርኩ፣ ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ማሽን በሚያስገባው መሣሪያ) ገብቼ። ኤስኤስኤች ደግሞ «ላንግ» የሚባለውን የላፕቶፔን የቋንቋ ቅንብር ይዞልኝ ይገባ ነበር። ማሽኑ የራሱ ቅንብር አልነበረውም። ስለዚህ ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶችን የሚያስጀምረው የሊኑክስ ፕሮግራም) ሲያስነሳው ጃቫ 17 ምንም ስላላገኘ አስኪን፣ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ የሚይዘውን የቆየ የፊደል ኮድ፣ ያዘ፤ አስኪ ግዕዝ አያውቅም። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ስም አልተነካም፤ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ፋይል ላይ የተጻፈው ግን መመለሻ የለውም።

አሁን አዲስ ሰርቨር ሳዘጋጅ እንዲህ ነው የማደርገው።

በመጀመሪያ ቨርዥኑን አያለሁ። ከዋይልድፍላይ 27 ጀምሮ የኢንተርፕራይዝ ጃቫ ፓኬጆች ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተቀይሯል። ኮዳችሁ የቆየ ከሆነና ገና ካላሻሻላችሁት 26.1ን ውሰዱ፤ እሱም በጃቫ 17 ይሠራል። ከዚያ ለዋይልድፍላይ ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ክፈቱ፣ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) አታስነሱት።

የጃቫ ሆምን፣ ማለትም ጃቫ የተጫነበትን ቦታ፣ አድራሻ ባሽ አርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ፋይል) ውስጥ መጻፍ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ሲስተምዲ ያንን ፋይል አያነብም። አድራሻውን በሲስተምዲ የሰርቪስ ፋይል ውስጥ «ኢንቫይሮመንት» በሚለው መስመር ሙሉውን ጻፉት፤ አለዚያ ማሽኑ ላይ ሌላ ጃቫ ካለ ሰርቨሩ በእሱ ሊነሳ ይችላል። እዚያው ላይ ላንግን ሲ ዶት ዩቲኤፍ-8 አድርጉት (ዩቲኤፍ-8 ግዕዝንም የሚይዝ የፊደል ኮድ ነው)፤ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችም የሚድኑት በዚህ ነው።

ቀጥሎ የዋይልድፍላይን የማስነሻ ቅንብር ፋይል፣ «ስታንድአሎን ዶት ኮንፍ»ን፣ ክፈቱ። የሂፕ (የጃቫ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ጣሪያው ሲመጣ 512 ሜጋባይት ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ እኔ ወደ 3 ጊጋባይት ከፍ አደርገዋለሁ። ጃቫ ኦፕትስን (ጃቫ ሲነሳ የሚሰጡትን ቅንብሮች) ከውጭ በሰርቪስ ፋይሉ አትስጡት፤ እንደዚያ ካደረጋችሁ ፋይሉ ውስጥ ያለው ነባር ቅንብር ይታለፋል። ይልቅ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ነባሩን ይዛችሁ ሁለት ነገር ጨምሩበት፦ የፋይል ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ/አዲስ አበባ። ሁለተኛውን በቀላሉ አትዩት። ሰርቨሩ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ከቆየ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 የተቆረጠ ደረሰኝ ሁሉ የትናንት ቀን ይይዛል።

ማስተዳደሪያው ፖርት 9990 ለውጭ ክፍት አይሁን፤ በኤስኤስኤች ዋሻ ግቡበት።

በመጨረሻ ማሽኑን ራሱን አጥፍታችሁ አስነሱት፣ ሰርቪሱን ብቻ አይደለም። ሲነሳ በእጃችሁ ምንም አታስጀምሩ። «ጄሲኤምዲ» በሚባለው የጃቫ መሣሪያ የሚሠራውን ፕሮሰስ ቅንብሮች አውጡና ኢንኮዲንጉን፣ የሰዓት ክልሉንና የጃቫውን አድራሻ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ «ፀሐይ ኃይሉ» ብላችሁ አንድ የሙከራ ደረሰኝ ቁረጡና ፋይሉን ክፈቱት።