የላኩት ጥቂት፣ የወጣው ብዙ፦ የመልስ አድራሻ ችግርና መፍትሄው

0.03 ቢትኮይን ልካችኋል። ኤክስፕሎረር (የቢትኮይን ዝውውሮች በይፋ የሚታዩበት ድረ ገጽ) ላይ ስታዩት ግን ከአድራሻችሁ የወጣው 0.5 ነው። አብዛኛው ደግሞ አይታችሁት ወደማታውቁት አድራሻ ገብቷል። ልብ ቀጥ ይላል። በዚህ ድንጋጤ ደውለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የትም አልሄደም። የምር የሚጠፋበት ሁኔታም ግን አለ። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ብዙ ገንዘብ ወደማላውቀው አድራሻ ወጣ

ቢትኮይን እንደ ባንክ ሂሳብ አይሠራም። ዋሌታችሁ (ቢትኮይናችሁን የምታስተዳድሩበት መተግበሪያ) ውስጥ ያለው አንድ ድምር ሳይሆን በተለያየ ጊዜ የተቀበላችኋቸው ቁራጮች ናቸው። ቁራጭ ሲወጣ ሙሉውን ይወጣል፤ ከላዩ ቆንጥሮ መስጠት አይቻልም። ትልቅ ኖት ሰጥቶ መልስ እንደመቀበል ነው። ልዩነቱ፣ መልሱን የሚሰጣችሁ ተቀባዩ አይደለም። የራሳችሁ ዋሌት አስቀድሞ አስልቶ፣ እዚያው ትራንዛክሽን (ዝውውር) ውስጥ ለራሳችሁ ይጽፈዋል። መልሱ የሚገባበት አድራሻ ነው የመልስ አድራሻ የሚባለው።

ትራንዛክሽኑን ገልጠን ብናየው ይህን ይመስላል፦

የገባ፦ 0.5
የወጣ፦ 0.03 (የተቀባዩ አድራሻ)
የወጣ፦ 0.4699 (ያስደነገጣችሁ አድራሻ)

የወጡት ሲደመሩ 0.4999 ናቸው። የጎደለችው 0.0001 የማይነሮች (ዝውውሮችን መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት) ክፍያ ናት። ክፍያው የራሱ መስመር የለውም፤ ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የሚተርፈው ሁሉ ክፍያ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደታች እንመለስባታለን።

አሠራሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ ለፕሮግራመሩ ሃል ፊኒ 10 ቢትኮይን ሲልክ የተጠቀመው የ50 ቁራጭ ነበር። 40ው ተመልሶ ለራሱ ገባ። ያኔ መልሱ የተመለሰው ወደተነሳበት አድራሻ ነው። የዛሬ ዋሌቶች ግን አብዛኞቹ ለመልሱ አዲስ አድራሻ ያወጣሉ፤ የሚያይ ሰው የትኛው ክፍያ፣ የትኛው መልስ እንደሆነ በቀላሉ እንዳይለይ ነው። ለምስጢራችሁ ሲባል የተሠራው ነገር ነው እናንተኑ የሚያስደነግጣችሁ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ኤክስፕሎረሩን ተዉትና ዋሌቱን ክፈቱ። ጠቅላላው ሂሳብ የቀነሰው 0.0301 ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁ አለ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ እንደ ኤሌክትረምና ስፓሮው ያሉ ዋሌቶች የመልስ አድራሻዎችን ለብቻ ዘርዝረው ያሳያሉ፤ ያቺን አድራሻ እዚያ ፈልጓት። አደራ፣ በዚህ ሰዓት «ገንዘቡን ላስመልስልህ» ብሎ 12ቱን ወይም 24ቱን ቃላት (ዋሌቱ ሲከፈት የሰጣችሁን፣ ገንዘቡን ሁሉ የሚያስከፍቱትን) የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አትስጡ። ያልጠፋ ገንዘብ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ምልክት፦ ከላኩ በኋላ የቀረውን መላክ አልቻልኩም

መልሱ ገና ብሎክ (ዝውውሮች ተጠቃለው የሚመዘገቡበት ጥቅል) ውስጥ አልገባም። አንዳንድ ዋሌቶች እስኪረጋገጥ አያስነኩትም። አንድ ብሎክ በአማካይ 10 ደቂቃ ስለሚፈጅ ትንሽ ጠብቁ። ክፍያው አንሶ ከተንጠለጠለ፣ ዋሌታችሁ ክፍያ መጨመር የሚፈቅድ ከሆነ ጨምሩለት።

ምልክት፦ ዋሌቱን በቃላቶቹ መለስኩት፣ ገንዘቡ ግን ጎድሏል

ከእነዚያ ቃላት የሚወጡት አድራሻዎች ሁለት ቅርንጫፍ አላቸው። ቁጥር 0 ለመቀበያ፣ ቁጥር 1 ለመልስ። ቅርንጫፎቹ ያሉበት መንገድም (ዋሌቱ ከቃላቱ አድራሻ የሚያወጣበት፣ በቁጥር የሚጠራ አቅጣጫ፤ በእንግሊዝኛ derivation path) እንደ አድራሻው ዓይነት ይለያያል። አዲሱ ዋሌት በሌላ መንገድ ከፈለገ፣ ወይም የመልሱን ቅርንጫፍ ካላየ፣ ገንዘቡ እያለ ባዶ ያሳያችኋል።

የድሮ አድራሻችሁን አንድ ፈልጉና አጀማመሩን እዩ። በ1 ከጀመረ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ 44 ነው። በ3 ከጀመረ 49ን ሞክሩ። በ«ቢሲ1» (bc1) ከጀመረ 84 ወይም 86። ከዚያ በኋላም ካልተገኘ፣ ብዙ ዋሌቶች 20 ያልተነኩ አድራሻዎች በተከታታይ ሲያጋጥሟቸው መፈለግ እንደሚያቆሙ አስታውሱ። ቁጥሩን ከፍ አድርጉትና እንደገና አስሱ።

ምልክት፦ ወረቀት ላይ ያለው ቁልፍ ባዶ ሆነ

እዚህ ጋ በደንብ አንብቡልኝ። አንድ ሰው በወረቀት ያስቀመጠውን ቁልፍ (የአንድ አድራሻን ገንዘብ ለማዘዝ የሚያስችል ምስጢራዊ ኮድ) ዋሌት ውስጥ አስገብቶ ጥቂት ይልካል። መልሱ ወደዚያ ዋሌት ሌላ አድራሻ ይሄዳል። እሱ ግን «ቀሪው ወረቀቱ ላይ አለ» ብሎ ዋሌቱን ያጠፋዋል። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።

ቢትኮይን ኮር የሚባለው ዋና የቢትኮይን ሶፍትዌርም ድሮ ተመሳሳይ ጣጣ ነበረው። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በዘፈቀደ ያወጣ ነበር፤ ገና ያልተነኩ 100 ያህሉን ቀድሞ ያዘጋጃል። ባካፕ ከተወሰደ በኋላ እነዚያ ካለቁ፣ ከዚያ ወዲያ የመጣው መልስ ባካፑ ውስጥ ቁልፍ የለውም።

መዳኛው አንድ ነው፤ መልሱን የተቀበለውን ዋሌት ማግኘት። የጠፋውን ፋይል፣ የድሮውን ኮምፒውተር፣ ያ ዋሌት ሲከፈት የሰጣችሁን ቃላት ፈልጉ። ሃርድ ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር አትጻፉበት። ገና ያልነካችሁት የወረቀት ቁልፍ ካላችሁ ደግሞ ከላዩ ጥቂት አትላኩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቃላቱን ወደጻፋችሁት አዲስ ዋሌት አዛውሩት።

ምልክት፦ ክፍያው ከላኩት ገንዘብ በለጠ

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው መጣ። ትራንዛክሽን በእጁ የሚሠራ ሰው የመልሱን መስመር ከረሳ፣ 0.47ቱ እንዳለ ለማይነሩ ይሄዳል። ብሎክ ውስጥ ካልገባ ቶሎ በትክክለኛው ለመተካት ሞክሩ። ከገባ የሚቀረው የማይነሩን በጎ ፈቃድ መለመን ነው። ክፍያው ከጠበቃችሁት በጥቂት መቶ ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ መለኪያ) ብቻ ካለፈ ግን አትጨነቁ፤ መልሱ እጅግ ትንሽ ሲሆን ዋሌቱ ራሱ ክፍያው ላይ ይደርበዋል።

ምልክት፦ ሃርድዌር ዋሌቱ ሁለተኛ አድራሻ አጽድቅ አለኝ

ሃርድዌር ዋሌት ቁልፉን ከኮምፒውተሩ ለይቶ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የራሱን መልስ ካወቀው አብዛኛውን ጊዜ አያሳያችሁም። ካሳያችሁ አላወቀውም ማለት ሊሆን ይችላል። የመንገድ ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ቫይረስ የመልሱን አድራሻ ቀይሮትም ይሆናል። የእናንተ መሆኑን ሳታረጋግጡ አታጽድቁ።

እስካሁን ያልኩት ለቢትኮይን፣ ለላይትኮይን፣ ለዶጅኮይንና ለመሰሎቻቸው ነው። ኢቴሪየም ላይ የመልስ አድራሻ የሚባል ነገር የለም፤ ሂሳቡ አንድ ድምር ነው፣ የላካችሁትና ክፍያው ብቻ ይቀነሳል። እዚያ ገንዘባችሁ ወደማታውቁት አድራሻ ሲወጣ ካያችሁና እናንተ ካላዘዛችሁት «መልስ ይሆናል» ብላችሁ አትቀመጡ። የቀረውን ወዲያው በአዲስ ቃላት ወደተከፈተ ሌላ ዋሌት አሽሹ።