ዘጌ ስትሄዱ በላኤ ሰብን ፈልጉ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ልትሻገሩ ነው? በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሳበታል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ የሥዕሉ ብዛት ያደናግራል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ሁሉንም ልይ ብላችሁ አትሩጡ። «በላኤ ሰብ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሲሞት ነፍሳቱና ውኃዋ በሚዛን ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ጥርኟ ውኃ መዘነች። የኪዳነ ምሕረት ቃል ኪዳን ማለት ይኸው ነው። ደግሞ የካሜራውን ፍላሽ አጥፉ። ጫማ ደጅ ስለሚቀር ካልሲ አትርሱ። እኔ ረስቼ የግቢው ድንጋይ እግሬን ለብልቦኛል።